ጥቆማ፦ የድሮ የግብዣ ቀሚስ ለይቶ የሚያጥብ፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ

የጣፎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ በንጉሡ ጊዜ ግብዣ ላይ ትለብሰው የነበረ ረጅም ቀሚስ ሰጥታኛለች። ጥቁር ከፋይ ነው፣ ደረቱ ላይ ዶቃ ተሰፍቶበታል፤ ዚፑ የብረት ሆኖ በግራ ጎኑ በኩል ነው። ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚለይልኝና ሳያበላሽ የሚያጥብ የምታውቁ?

ማሚ፦ ላውንደሪ እንዳትሰጪ! የእናቴን ቀሚስ ሰጥቼ ዶቃው ቀልጦ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ መጣ። «ኬሚካሉ ነው» ብለው ዝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአያት ልጅ፦ የቱ ላውንደሪ ነው? ተናገሪና እንጠንቀቅ።

ማሚ፦ ስም አልጠራም። ካሳ ስጠይቅ ግን ደረሰኙ ጀርባ ላይ «ኃላፊነት አንወስድም» የሚለውን አሳዩኝ።

ቤዛ፦ ለሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳን የሚያክል የለም።

የአያት ልጅ፦ ከፋይ ነው ያለችው! ጥያቄውን አንብቡ እንጂ።

አብርሽ፦ ሲኤምሲ ያለው ደንበኛዬ ጋ ውሰጂው። ሱፎቼን በሙሉ እሱ ነው የሚያጥብልኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰጠው።

ማሚ፦ ዶቃ ያለው ልብስ አጥቦ ያውቃል?

አብርሽ፦ እሱን አልጠየቅኩትም። ግን ጎበዝ ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ እህቴ፣ በጎን በኩል ያለ የብረት ዚፕ በ1940ዎቹና 50ዎቹ (በፈረንጆቹ) ቀሚሶች ላይ የተለመደ ነበር፤ የናይለን ዚፕ የበዛው ከ60ዎቹ ወዲህ ነው። ዚፕ ግን ይቀየራል፣ ስለዚህ ዙሪያውን እዪ፤ የድሮ ስፌት ተፈትቶ የቀረ የመርፌ ቀዳዳ ካለ ተቀይሯል። የአሜሪካ ልብስ ከሆነ ደግሞ ከ1972 ወዲህ የአስተጣጠብ መመሪያ እንዲለጠፍበት ግዴታ ሆኗል። ከውስጥ ስፌቱ ጋ ካለው ትርፍ ጨርቅ ላይ (ከተሰፋበት ክር ሳይሆን ከራሱ ከጨርቁ) ትንሽ ክር መዘሽ አቃጥዪ፦ እንደ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሐር ነው፤ ቀልጦ ጠጠር ከሠራ ፖሊስተር ነው። ከፋይን በፊቱ በኩል መተኮስ ጨርሶ አይሆንም፣ ይተኛል። ዶቃው ከባድ ስለሆነ መስቀያ ላይ ከዋለ ትከሻውን ይቀድደዋል፤ በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልለሽ አስተኚው። ፌስታል ውስጥ ካስቀመጥሽው በክረምት እርጥበት ይይዝና ይሻግታል።

ቤዛ፦ ናፍታሊንስ?

ልብስ ሰፊዋ፦ ልብሱን እንዳይነካ። አንዳንድ ፕላስቲክ ዶቃ ያለሰልሳል።

የጣፎዋ፦ ክሩን አቃጠልኩት፣ እንደ ፀጉር ነው የሸተተው! ተባረኪ።

ልብስ ሰፊዋ፦ እንግዲያው ውሃ እንዳይነካው። የትም ብትሰጪው መጀመሪያ አንድ ዶቃ ፈትተሽ ስጪያቸውና በኬሚካላቸው ነክረው ያሳዩሽ። እምቢ ካሉ ቀሚሱን ይዘሽ ውጪ።

አብርሽ፦ የእኔ ደንበኛ እምቢ አይልም።