የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ አለኝ፤ ኩሽኔታው ተገልብጦ ገብቶ ይሆን?

እረ ጎበዝ፣ መላ በሉኝ። ከደሴ ነኝ። መኪናዬ ቶዮታ ናት፣ ለሥራ በየቀኑ ኮምቦልቻ ትመላለሳለች። ባለፈው ወር የፊት ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ጮኸብኝና ጋራዥ አስቀየርኩ። ጩኸቱ ጠፋ። በማግስቱ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) መብራት ቦግ አለ።

በኮድ ማንበቢያ ሲታይ ሲ 0200 ይላል፣ የፊት ቀኝ ጎማ ፍጥነት ሴንሰር ማለት ነው። ሴንሰሩን አጸዳሁ። ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ፈተሽኩ፣ አልተቆረጠም። በአዲስም ቀየርኩት፣ ያው ነው። ኮዱን ሳጠፋው ትንሽ እንደነዳሁ ይመለሳል። የሚገርመው፣ እየነዳሁ ጓደኛዬ ማንበቢያውን ሲያይ ሦስቱ ጎማዎች 40 ሲሉ የፊት ቀኙ 0 ነው!

አንዳንድ ኩሽኔታ በአንድ ጎኑ ማግኔት ያለው ቀለበት አለው፣ ሴንሰሩ የሚያነበው እሱን ነው። ተገልብጦ ከገባ ጎማው በደንብ ይሽከረከራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። መካኒኩን ብጠይቀው «ኩሽኔታ ደግሞ ምን ፊትና ጀርባ አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ፍሬኑ ይይዛል፣ ዘይቱም ሙሉ ነው። ግን ክረምት ነው። ጭጋግና ዝናብ ባለበት በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጎማ ቢቆለፍብኝስ?

ጥያቄዬ፦ ኩሽኔታውን ሳላስወጣ፣ በሴንሰሩ ቀዳዳ በኩል መርፌ አስጠግቼ ማግኔቱ መኖሩን ማረጋገጥ እችላለሁ? ደግሞስ በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) አንዴ የወጣ ኩሽኔታ ተገልብጦ ተመልሶ ይገባል፣ ወይስ ሌላ ልግዛ? የገጠማችሁ ካላችሁ ባካችሁ ንገሩኝ።