የዶልፊኗ ስቲከር ከጎድጓዳው ቦታ እየተነሳ ነው፤ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባሕር ዳር ውስጥ የኅትመት ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የጣና ዓሣ ለሆቴሎች የምታደርስ ዶልፊን ሚኒባስ ሙሉ ስቲከር አለበስኩ። ጠፍጣፋው ላይ አንድ አረፋ እንኳ የለም። ከተንሸራታቹ በር ሃዲድ ሥር ያለው ጎድጓዳ ግን ሁለት ቀን ፀሐይ ሲመታው ተነስቶ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የቆሮሶው ዓሣ ሥዕል ጅራት እዚያው ላይ ስላረፈ ከሩቅ ይታያል፤ በጣም አዝኛለሁ።

ስቲከሩ 80 ማይክሮን ካሌንደርድ (በሮለር ተዳምጦ የተሠራ፣ ሲለጠጥ ወደ ነበረበት መመለስ የሚወድ) ነው። ጎድጓዳው ውስጥ በፎን አሙቄ፣ ስቤ ነው ያስገባሁት። ላሚኔሽኑንም (ከላይ የሚለበጠውን መከላከያ ፕላስቲክ) ባተምኩበት ማታ ደረብኩት፤ የሶልቬንት ቀለም ቢያንስ 24 ሰዓት መናፈስ ነበረበት።

አሁን ሃዲዱን ተከትዬ ቆርጬ ያን ክፍል ብቻ በ50 ማይክሮን ካስት (ጎድጓዳ ላይ በደንብ የሚተኛው ቀጭን ስቲከር) ብተካው መጋጠሚያው ይይዛል? ወይስ የጎኑን ሙሉ ልላጠው? የመኪናዋን ቀለም ሳይነካ ሙጫውን የሚያነሳልኝስ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ካስት በሜትር የሚቆርጥ ሱቅ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ባለመኪናው ቅዳሜ ይመጣል፤ ሰውዬው አምኖኝ ነው የሰጠኝ።