ሱባሩው ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ይበቃዋል ወይስ ባለ 18 ይገባዋል?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከአንድ አባላችን ጥያቄ የመጣ ነው። ልጁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። የ2017 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ይነዳል፣ ማኑዋል። መኪናው ይዞት የመጣው ጎማ 235/45 አር 17 ነው፤ ወርዱ 235 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው። ቸርኬው 17 በ8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ የሚናገረው ቁጥር) 55። አሁን አንድ ሰው 18 በ9.5 የሆነ፣ ኦፍሴቱ 38 የሆነ ቸርኬ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥለት ነው። እሱም 265/35 ጎማ ሊያስገባበት አስቧል። ይሄ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ልክ ነው ወይ? ደግሞስ ቸርኬ መቀየር የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ መንግሥት ጣልቃ ይግባ? ስድብ የለም፣ ሐሳብ ብቻ።

ሊሊ ቱርቦ፦
ይግዛ! ምኑ ያከራክራል? እኔም ያው መኪና ነው ያለኝ። የፋብሪካው ቸርኬ ወደ ውስጥ ሰርጎ የገባ ነው። ከኋላ ስታየው መኪናው የታናሽ ወንድሙን ጫማ ያደረገ ይመስላል። ቁጥሩም ቢሆን ይደግፈኛል። 235/45 አር 17 ከመሬት እስከ አናቱ 643 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/35 አር 18ም ያው 643። ፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም፣ ማርሹ አይከብድም። 30 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ወርድ ግን ታገኛለህ። የጓደኛዬ መኪና በዚሁ ልክ ታስሮ ነድቼዋለሁ። ኩርባ ላይ መሬቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ጋሽ መካኒኩ፦
ሊሊዬ፣ ቁመቱ ላይ ልክ ነሽ። ጣጣው ኦፍሴቱ ላይ ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው መኪናው ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከወርዱ መሐል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። እስቲ እናስላው። የድሮው ቸርኬ የውጭ ጠርዝ ከሚታሰርበት ፊት 47 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል። የአዲሱ 83። ልዩነቱ 36 ነው። ወደ ውስጥ የሚጨምረው ግን 2 ብቻ። የጨመርሽው ወርድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውጭ ነው ያለው፣ ፓራፋንጎው ሥር።

ብቻውን ቀስ ብሎ ሲነዳ ምንም አይልም። አራት ሰው ጭኖ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ስፒድ ብሬከር ላይ፣ የኋላው ጎማ የፓራፋንጎውን ከንፈር ይልሰዋል። መሪውም ጠባይ ይለውጣል። አስፋልት ላይ ያለ ቦይ ሁሉ ይጎትተዋል። ኩሽኔታውም ያልለመደውን ሸክም ይሸከማል።

ሊሊ ቱርቦ፦
ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መፍትሔ አለው እኮ። የፓራፋንጎውን ከንፈር ያጥፉታል። ካምበሩን፣ ማለትም የጎማውን ዘንበል ማለት፣ አናቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል። አለቀ። ስንቱ ደብሊው አር ኤክስ በዚሁ ልክ እየተነዳ ነው! እርስዎ ደግሞ ሁሉንም መኪና ኮሮላ ማድረግ ይፈልጋሉ።

ጋሽ መካኒኩ፦
ኮሮላ ምን አደረገሽ? ካምበሩ ሲበዛ ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል። ከውጭ ስታይው አዲስ ነው። ሊፍት ላይ ሲወጣ ከውስጥ ሽቦው ፈጦ ታገኚዋለሽ። ባለቤቱ እስከዚያ ቀን አያውቅም። ይሄንን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ ከሥሩ ቆሜ የማየው ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ማንም የማያነበውን ቁጥር ላምጣ። ከጎማው ልክ ቀጥሎ ሌላ ቁጥርና ፊደል አለ። 94 ደብሊው ከሆነ፣ 94ቱ አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ደብሊው ደግሞ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሰው ጎማው ሲሰፋ የሚሸከመውም የሚጨምር ይመስለዋል። አይደለም። 265/35 አር 18 ብሎ 93 የተጻፈበት አለ፣ ያ 650 ኪሎ ነው። ከፋብሪካው ያንሳል። ኤክስ ኤል (ለተጨማሪ ሸክም የተጠናከረ) የተባለውና 97 የተጻፈበት ግን 730 ይሸከማል። ያም ነፋስ በደንብ ሲሞላ ነው። ስለዚህ ልክ ከመምረጥህ በፊት የሹፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ። ከዚያ በታች አትውረድ። ስለ ቁንጅናው አስተያየት የለኝም።

የጎሚስታው ልጅ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ። አባቴ ጎሚስታ ነው፣ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። እናንተ ስለ ወርድ ትከራከራላችሁ፣ እኔ የማየው የጎማውን ጎን ነው። 235/45 ጎኑ 106 ሚሊ ሜትር ነው። 265/35 ግን 93። አንድ ጣት ያህል ጎማ አጣህ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል።

ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። የጉድጓዱ ጠርዝ ጎማውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎኑ አጭር ከሆነ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም። በቸርኬው ከንፈርና በአስፋልቱ መሐል ይቀረቀራል። ውስጥ ያለው ክር ይበጠሳል። ላስቲኩ ከውጭ ደህና ነው፣ ግን በማግሥቱ ጎኑ ላይ እብጠት ታያለህ። ያ አይጠገንም። ቸርኬውን ደግሞ ባላንስ ማሽን ላይ ስናዞረው የውስጥ ከንፈሩ ሲወላገድ በዓይን ይታያል። የውጭው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ባለቤቱ "ምንም አልሆነም" ብሎ ይከራከረናል። የተጣመመውን ማቃናት ይቻላል። ስንጥቅ ካለው ግን እኛ አንበይድም። ሌላ ጋ የሚበይድ አይጠፋም።

ኮሪደር ልማቱ ዋና ዋናውን መንገድ አሳምሮታል፣ እውነት ነው። ግን ማታ መኪናው የሚገባው ሰፈር ውስጥ ነው።

ጠያቂው (አሌክሳንድሪያ)፦
እዚህም ከዚያ የተሻለ አይምሰላችሁ። ክረምቱ ሲወጣ በረዶው አስፋልቱን ሰንጥቆት ነው የሚሄደው። በየቀኑ በ395 ሀይዌይ ዲሲ እመላለሳለሁ። ማርች ላይ ጉድጓዱን ሳይሆን ጎማዬን እያሰብኩ ነው የምነዳው። ደግሞ አሁን ያለኝ ጎማ የበጋ ነው፣ ለክረምት ሌላ መግዛቴ አይቀርም።

ፍራንክፈርቴ፦
እስቲ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ፣ ዋናው እሱ ነውና። እዚህ ጀርመን ቸርኬ ገዝተህ እንዲሁ አታስርም። ቸርኬው ለመኪናህ የተሰጠ የፈቃድ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። እንደ ወረቀቱ ዓይነት ቲውፍ (የመኪና ፍተሻ ድርጅት) ወስደህ ታሳያለህ፣ በመኪናው ሰነድ ላይ ይጻፍልሃል። መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው፣ መኪናውን አስጭነው፣ ጎማው የሚነካው ነገር ካለ ያያሉ። ያላስመዘገብከው ቸርኬ ከተገኘብህ መኪናው የመንገድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር ያለው ጣጣ ሌላ ነው።

ያሰለቻል? አዎ። ግን አውቶባን ላይ በ200 የሚያልፈኝ ሰው ቸርኬውን አንድ መሐንዲስ አይቶለታል ብዬ መተኛት እችላለሁ።

ሊሊ ቱርቦ፦
እየነዳህ አትተኛ ወንድሜ! እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እዚህ ፍተሻ የሚጠየቀው መኪና ሲሸጥ ነው። ጠያቂው ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ስላለ በየዓመቱ ይፈተሻል። ታዲያ ከድልድዩ ወዲህ ያለነው መንገድ ላይ እየተገለበጥን ነው? ያንተ አገር ሕግ ቸርኬ ለሚሸጡት ትልልቆቹ ይመቻል። ወረቀት ማውጣት የሚችሉት እነሱ ናቸው። አንድ ወጣት ያገለገለ ጥሩ ቸርኬ አግኝቶ ወረቀቱ ጠፍቶበት ቢቀርስ? የኔ መኪና፣ የኔ ገንዘብ።

ፍራንክፈርቴ፦
የኔ መኪና ያልሽው መኪና የሁላችን መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። ከፓራፋንጎው ውጭ የወጣ ጎማ ጠጠሩን የሚወረውረው ከኋላ የሚመጣው ሰው መስታወት ላይ ነው። ዝናብ ሲሆንም ጭቃውን። ሸክሙን የማይችል ጎማ ሲፈነዳ የሚገባው ደግሞ ሌላው ሰው መስመር ውስጥ ነው። ስለ ወረቀቱ ያልሽው ግን ሐቅ ነው፣ ውድ ነው።

ከዱባይ፦
እኔ ሕጉ ይኑር ባይ ነኝ፣ ግን ከልኩ በፊት የጎማውን ዕድሜ ይይልን። እዚህ በጋ ላይ አየሩ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። አስፋልቱማ አይነሳ። ብዙ ሰው ቸርኬ ከነጎማው ያገለገለ ይገዛል። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለች። 2319 ካለች በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጠያቂው፣ ያ ሰው ከጎማ ጋር የሚሸጥልህ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ፈልጋት። ነፋሱንም ጠዋት ሳትነዳ ለካ። ሙቀቱ በየ5 እና 6 ዲግሪው ሲለዋወጥ ነፋሱ በ1 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ገደማ ይወጣል ይወርዳል።

ጋሽ መካኒኩ፦
እስካሁን ማንም ያላነሳው ትልቁ ጉዳይ አለ። ይሄ መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚጎትተው። ማኑዋሉ መሐል ላይ ዲፈረንሺያል፣ ማለትም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍል ክፍል አለው፣ ቪስከስ ካፕሊንግ (በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ማያያዣ) ያለበት። አራቱ ጎማዎች እኩል ካልዞሩ እሱ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል። ሱባሩ የሚለው በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መሐል ያለው ልዩነት ከሩብ ኢንች አይብለጥ ነው። ሩብ ኢንች 6 ሚሊ ሜትር ናት።

አሁን ስሙኝ። የጎማ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ሲበላ ዙሪያው በ6 ሚሊ ሜትር ከምናምን ያንሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ሁለት ጊዜ በ3.14። ስለዚህ ግማሽ ያገለገሉ አራት ጎማዎች ካሉህና የጎሚስታው ልጅ እንዳለው አንዱን ጉድጓድ ካሳበጠብህ፣ አንድ አዲስ ገዝተህ ቀላቅለህ መንዳት የለም። ወይ አራቱንም ትገዛለህ፣ ወይ የአዲሱን ጥርስ በማሽን አስልጠህ ከሌሎቹ እኩል ታደርገዋለህ። አጭር ጎን ያለው ሰፊ ጎማ በዚህ መኪና ላይ የሚያስወጣው ወጪ እዚህ ጋ ነው ያለው። የኋላ ብቻ የሚገፋ መኪና ቢሆን አፌን እዘጋ ነበር።

ሊሊ ቱርቦ፦
ይሄንን እቀበላለሁ። ከፊትና ከኋላ የተለያየ ልክ ማሰርም ለዚህ መኪና እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ጉድጓድ ፈርቶ መኖር ነው ወይ? ሰው ስፖርት መኪና የሚገዛው በሒሳብ ማሽን አይደለም።

ጠያቂው (አሌክሳንድሪያ)፦
ጋሼ፣ መሐል መንገድ የለም? 18 ሆኖ ግን ያን ያህል የማይወጣ?

ቁጥር ወዳድ፦
አለ። 18 በ8.5፣ ኦፍሴት 45። የድሮው ካለበት 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። ወደ ውስጥ እንዲያውም በ4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰበሰባል። ጎማው 235/40 ቢሆን 645 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፋብሪካው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 245/40 ከመረጥክ 653 ይሆናል፣ አንድ ተኩል በመቶ ይረዝማል። ቆጣሪው 100 ሲል አንተ ከዚያ ትንሽ ፈጥነህ ነው የምትሄደው። 235/40 ስትገዛ 95 ኤክስ ኤል የሚለውን ፈልግ፣ 91 የሚለውን ተወው።

ጋሽ መካኒኩ፦
የኔ ምክር 17ቱ ላይ ቆይና ገንዘቡን ጥሩ ላስቲክ ላይ አውጣ ነው። መሬት የሚይዘው ላስቲኩ ነው። ካልሆነልህ ግን ቁጥር ወዳድ ያለው ይሻላል። ያኔ የፋብሪካውን 17 አትሽጠው። የክረምት ጎማ አስገባበት። አየሩ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቃል፣ ስፋቱ ያኔ አያድንህም።

ሲታሰር ደግሞ ጥቂት ነገር ጠይቅ። የመኪናው የመሐል ቀዳዳ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው። የገበያ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ያለ ስለሆነ ቀለበት ያስፈልገዋል። ያለ ቀለበት ቸርኬው መሐሉን ስቶ ይታሰርና መሪው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ባላንስ አሠሪ ዘንድ ስትመላለስ ትከርማለህ። ዳዶው 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው። በእጅ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) 120 ኒውተን ሜትር ይጥበቅ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ድገመው። ቸርኬው ላይ ጄ ደብሊው ኤል የሚል ማኅተም ካለ የጃፓንን መለኪያ አሟልቷል እያለህ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ርካሽ ከሆነ እለፈው።

አወያይ፦
በሕጉ ጉዳይ ድምፅ ስጡ፣ ነገ ማታ እዘጋዋለሁ። ጠያቂው፣ አንተስ ምን ወሰንክ?

ጠያቂው (አሌክሳንድሪያ)፦
9.5ቱን ትቼዋለሁ። የፓራፋንጎውን ከንፈር ማሳጠፍ አልፈልግም፣ መኪናውን አንድ ቀን ልሸጠው እችላለሁ። 8.5 በ45 እፈልጋለሁ፣ 17ቱም ለክረምት ይቀመጣል። ለሰውየው ቅዳሜ አልመጣም ብዬ እደውልለታለሁ።

ሊሊ ቱርቦ፦
እንዳትደውል! ስልኩን በውስጥ ላክልኝ። ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ።

ጋሽ መካኒኩ፦
ሊሊዬ፣ ካምበሩን ስታስተካክይ ወደ እኔ ነይ። ሌላ ጋ እንዳትሄጂ።