እድር ለሞተ ይከፍላል፣ ለታመመስ?

ሰላም ናችሁ፣ ከጅማ ነኝ፣ ሄርማታ አካባቢ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው።

ግቢያችን ውስጥ የተከራየ ወጣት አባወራ አለ፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው። የደም ካንሰር ያዘው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። የኬሞውን ወጪ እንደምንም አዋጥተን ቻልነው። አሁን ግን በሽታው ተመለሰበትና ሐኪሞቹ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል፣ ህንድ ውሰዱት አሉን።

ህንድ! ለኛ እኮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። መቅኔ የሚሰጥ ሰውም ያስፈልጋል፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ብቻ ነው። ሦስት እህቶች አሉት፣ ገና አልተመረመሩም። ቢገጥምም ከንቅለ ተከላው በኋላ 100 ቀን ያህል ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይቶ መቆየት አለ፣ ያውም በዶላር።

የእድር ሽማግሌዎችን ለመንኩ፣ ደንቡ አይፈቅድም አሉኝ። ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፣ እንዲድን ግን ሳንቲም የለም። አልፈርድባቸውም፣ ግን ያንገበግባል። ቡናውም ገና አልደረሰም፣ ጥቅምት ካልገባ ሰው እጅ ላይ ብር የለም።

ውጭ አገር መታከም እንዳለበት የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይዞ ባንክ የሄደ ካለ፣ የውጭ ምንዛሪውን ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀበት? የመዋጮውን ሒሳብስ በማን ስም ልክፈት? በእኔ ስም ከሆነ ነገ ሐሜቱን አልችለውም።

ደግሞ ሚስቱ የህንዱን ነገር ገና አልሰማችም። እንዴት ብዬ ልንገራት?