የራም ካርቶን ላይ የተጻፈው ፍጥነት ግዴታ ነው ወይስ ተስፋ?

የክርክሩ መሪ፦ የዛሬው ክርክር ከአንድ አባላችን ጭቅጭቅ የተነሳ ነው። ጥቁር ስክሪን የሚባለው ይህ አባላችን አዲስ ዴስክቶፕ ገጥሟል። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ነው፣ ራሙ ደግሞ ካርቶኑ ላይ 6000 የሚል ፍጥነት የተጻፈበት ዲዲአር5፣ ማለት ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው የራም ትውልድ። ራሙን ወደ ተጻፈለት ፍጥነት የሚያወጣውን ኤክስፖ የሚባል ቅንብር ከባዮስ፣ ማለት ከማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር ገጽ፣ ሲያበራው ማሽኑ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ጨልሞ ይቀራል። ሲነሳም ትልቅ ዚፕ ፋይል ሲፈታ ኤረር ያወጣል፣ ጌም መሃል ላይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ኤክስፖን ሲያጠፋው ሰላም ነው። ሻጩ «ራሙ ጤነኛ ነው፣ አልመልስም» ብሎታል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ራም በተጻፈለት ፍጥነት ካልሠራ ተበላሽቷል ማለት ነው? ሻጭስ መመለስ አለበት? መሰዳደብ የለም።

ጥቁር ስክሪን፦ የእኔ ነገር አጭር ነው። ካርቶኑ 6000 ይላል። የከፈልኩት ለ6000 ነው። የዲዲአር5 መነሻ የሆነውን 4800 ብፈልግ ርካሹን እገዛ ነበር። «ኤክስፖን አጥፋውና ተገላገል» የሚለኝ ሁሉ ግማሽ ዕቃ ይዘህ ዝም በል እያለኝ ነው።

ብሎን፦ አትቸኩል ወንድሜ። 6000 የራሙ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ራሙን የሚያዘው ሚሞሪ ኮንትሮለር ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ያስቀመጠው ይፋዊ ጣሪያ በሁለት ፍሬ ራም 5200 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ኦቨርክሎክ፣ ማለት ከይፋዊው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ ይባላል። ኤኤምዲ ራሱ ኤክስፖን አውጥቶ ሲያበቃ፣ ከይፋዊው ፍጥነት በላይ መሄድ የፕሮሰሰሩን ዋስትና ያሳጣል ይላል። የኤክስፖ አቻ የሆነው የኢንቴሉ ኤክስኤምፒ ታሪክም ብዙ አይለይም። ስለዚህ ራም ሻጩን የምትጠይቀው የፕሮሰሰሩ አምራች ያልገባውን ቃል ነው።

ሌሊት ፈረቃ፦ ብሎን፣ እውነትህን ነው፤ ግን እውነቱን የምታወራው ለተሳሳተው ሰው ነው። ገዢው ያየው ካርቶኑን ነው። ካርቶኑ ላይ 6000 በትልቁ ተጽፏል። «ይህ ፍጥነት በማዘርቦርድህና በፕሮሰሰርህ ይወሰናል» የሚለው ግን ወይ በደቃቁ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ ራም አምራቹ ኮርሴር በዚሁ ተከሷል። የክሱ ፍሬ ነገር ገዢው ራሙን እንደሰካው የተጻፈውን ፍጥነት የሚያገኝ መስሎታል የሚል ነበር። የተነሱት ከ2133 በላይ የተጻፈባቸው ዲዲአር4ና ከ4800 በላይ የተጻፈባቸው ዲዲአር5 ራሞች ናቸው። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ግን 5.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመስማማት ፈቅዷል፣ ማሸጊያው ላይም ባዮስ መንካት እንደሚያስፈልግ ለመጻፍ ተስማምቷል። ሁሉም ገዢ ይህን ያውቃል ከተባለ ጽሑፉ ለምን አስፈለገ?

ባለ ሱቁ፦ እኔ ከሚሸጡት ወገን ነኝ፣ ትንሽ ስሙኝ። «ተበላሸ» ተብለው ከሚመለሱት ራሞች ብዙዎቹ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰኩ ምንም የላቸውም። ወይ በደንብ አልተገፉም፣ ወይ የተሳሳተ ስሎት ውስጥ ናቸው። ሁለት ፍሬ ከሆነ በአብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ነው የሚሰካው። ወይ የፕሮሰሰሩ መሰኪያ ውስጥ አንዲት ፒን ጎብጣለች፤ ያኔ አንዱ ቻናል፣ ማለት ራሙና ፕሮሰሰሩ የሚገናኙበት አንዱ መስመር፣ በሙሉ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ ትዕግሥት ማጣት ነው። ዲዲአር5 መጀመሪያ ሲነሳ ከማዘርቦርዱ ጋር ይለማመዳል። ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይደነግጥና ያጠፋዋል፣ ማሽኑም ልምምዱን ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ «ራምህ ሞቷል» ብሎ ይመጣብኛል።

ጥቁር ስክሪን፦ ጋሼ፣ ያሉትን ሁሉ አድርጌዋለሁ። ባዮሱን አድሻለሁ፣ ራሞቹን ነቅዬ መልሼ ሰክቻለሁ። ጠብቄዋለሁም። ስልኬን ይዤ ጋደም እስክል ድረስ ነው የጠበቅኩት።

ብሎን፦ ኤክስፖ ሲጠፋ ባዮሱ ስንት ያሳይሃል?

ጥቁር ስክሪን፦ 3600።

ብሎን፦ ቆይ ቆይ። 4800 አይደለም? ስንት ፍሬ ነው የሰካኸው?

ጥቁር ስክሪን፦ አራት። ሁለት ሁለት የያዙ ሁለት ካርቶኖች፣ እያንዳንዱ ፍሬ 16 ጊጋ። ሞዴላቸው እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ነው። ምን ለውጥ አለው?

ብሎን፦ ለውጡማ ትልቅ ነው! ለአራት ፍሬ የኤኤምዲ ይፋዊ ቁጥር 3600 ነው። በአንድ ቻናል ላይ ሁለት ፍሬ ሲሰካ ለኮንትሮለሩ ሸክሙ ይከብዳል፣ የሲግናሉ ጥራትም ይወርዳል። ሞዴሉ አንድ ነው ያልከውም ብዙ አይረዳህም። በአንድ የሞዴል ስም ሥር አንዱ ካርቶን የሳምሰንግ ቺፕ፣ ሌላው የማይክሮን ወይም የኤስኬ ሃይኒክስ ቺፕ ሊይዝ ይችላል። አምራቹ አብረው መሥራታቸውን የሚያረጋግጠው አንድ ካርቶን ውስጥ ያሉትን ነው። ሁለት ካርቶን ያዳበልከው አንተ ነህ።

ጀማሪ ነኝ፦ እኔ ያነበብኩት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ነው። ለሚሞሪ ኮንትሮለሩ የሚሄደውን የኤስኦሲ ቮልቴጅ ትንሽ ቢጨምርስ?

ብሎን፦ በጭፍን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች መሰኪያቸው ላይ ሲቃጠሉ አንዱ ሰበብ ይኸው ቮልቴጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤኤምዲ 1.3 ቮልት ላይ ገድቦታል። ራም ለማዳን ፕሮሰሰር አይቃጠልም።

ሌሊት ፈረቃ፦ ወደ ነገራችን ልመልሳችሁ። ካርቶኑ ላይ «ከሌላ ካርቶን ጋር አታዳብል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል? ማዘርቦርዱ አራት ስሎት አለው። ሰው አራት ስሎት ሲያይ አራት ይሰካል። ባለ ሱቁ፣ እርስዎስ አንድ ሰው «ከዚህ ሁለት ካርቶን ስጠኝ» ቢልዎት ምን ይሉታል?

ባለ ሱቁ፦ እውነቱን ልንገርሽ? እሸጥለታለሁ። ለራሱ ሳይሆን ለቢሮ ቢሆንስ? ማሽን ሁለት ቢኖረውስ? ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የሰውን ማዘርቦርድ አላይም። ከጠየቀኝ ግን 64 ጊጋ የሚፈልግ ሰው 32 ጊጋ ሁለት ፍሬ በአንድ ካርቶን ይግዛ እላለሁ።

ሌሊት ፈረቃ፦ «ከጠየቀኝ»! የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ከሰርቨር ጋር ነው የማድረው። ሰማያዊ ስክሪን ያየ ሰው ዕድለኛ ነው። ክፉው ራም ዝም ብሎ አንዲት ቢት ገልብጦ ፋይልህ ላይ የሚጽፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጉግል ሰርቨሮች ላይ የተደረገ ጥናት በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ራሞች ቢያንስ አንድ ስህተት እንዳሳዩ አግኝቷል። እነዚያ ግን ስህተቱን የሚያርም ኢሲሲ አላቸው። የኛ ዴስክቶፖች የላቸውም። ዲዲአር5 ውስጥ አለ የሚባለው የሚያርመው ቺፑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ መንገድ ላይ የሚበላሸውን አያይም። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢንቴልን በዚሁ በኢሲሲ ጉዳይ በአደባባይ የወረፈው ወዶ አይደለም።

የክርክሩ መሪ፦ ኢሲሲ ራሱን የቻለ ክርክር ይገባዋል፣ እናቆየው። ጥያቄዬን ላጥብበው፦ «ተበላሽቷል» ለማለት ምን ማስረጃ ይበቃል?

ብሎን፦ እዚህ ላይ ብንስማማ ግማሹ ጭቅጭቅ ያልቃል። ራም የሚፈትኑትን ሜምቴስት86 ወይም ሜምቴስት86 ፕላስ ፍላሽ ላይ ጭነህ፣ ከዊንዶውስ ውጭ ማሽኑን በሱ ታስነሳለህ። መጀመሪያ ኤክስፖ ጠፍቶ። በዚያ ፍጥነት አንዲት ኤረር እንኳ ከወጣች ኦቨርክሎክ ነው የሚል ሰበብ የለም። ከዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ትለያለህ። አንዱን ፍሬ ለብቻው ትፈትናለህ፣ ሌሎቹንም በተራ እዚያው ስሎት ላይ። ኤረሩ ፍሬውን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው። የትኛውንም ፍሬ ብትሰካ ያው ስሎት ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱን ወይም የፕሮሰሰሩን መሰኪያ ጠርጥር።

ኤክስፖ ጠፍቶ ንጹሕ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ትሄዳለህ፤ የጥቁር ስክሪን ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። አራቱን አንድ ላይ በ6000 መፈተን ምንም አያረጋግጥም። አንዱን ካርቶን ብቻውን፣ ሁለቱን ፍሬ በትክክለኛው ስሎት፣ በ6000 ፈትን። ከዚያ አውጥተህ ሌላውን። ሁለቱም ብቻ ብቻቸውን ካለፉ ራሞቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ ሻጩን ተወው። ሁለቱም ከወደቁ ጥርጣሬው ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ማዘርቦርዱ ያዘነብላል። አንዱ አልፎ አንዱ እዚያው ማሽን ላይ ከወደቀ ግን፣ ያኔ እኔም ካንተ ጋር ነኝ።

አንዲት ማስጠንቀቂያ አለችኝ። ሜምቴስት አለፈ ማለት ሁሉም አለፈ ማለት አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ ሲግል ከሱ የሚወጣው ሙቀት ራሙ ላይ ያርፋል። ሜምቴስት ላይ ደግሞ ካርዱ ሥራ ፈት ነው። ጌም ላይ ብቻ የሚወድቅ ማሽን ካጋጠመህ ጎኑን ከፍተህ ሞክረው።

ባለ ሱቁ፦ በዚህ እስማማለሁ። እንዲህ ተፈትኖ የመጣ ዕቃ እኔ ጋ ቢመጣ አልከራከርም።

ጥቁር ስክሪን፦ እሺ፣ ያላችሁትን አድርጌ መጣሁ። ኤክስፖ ጠፍቶ አራቱም ንጹሕ ናቸው። የመጀመሪያው ካርቶን ብቻውን በ6000 ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ዜሮ ኤረር። ሁለተኛው ካርቶን ብቻውን በ6000 ብዙም ሳይቆይ በኤረር ቀይ በቀይ ሆነ። አሁንስ «ጤነኛ ነው» ትሉኛላችሁ?

ብሎን፦ አሁን አልልም። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ማዘርቦርድ፣ ያው ስሎት ነው፤ የተለወጠው ካርቶኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው የተጻፈበትን አልቻለም። ውጤቱን በስልክህ ፎቶ አንሳና ሂድ። ግን እወቀው፣ ቢቀየርልህም አራቱን በ6000 ይሠራልኛል ብለህ ተመልሰህ እንዳትመጣ።

ሌሊት ፈረቃ፦ ይኸው! ሻጩ ሲፈትነው ኤክስፖ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ራሙ በ3600 እና በ4800 ጤነኛ ነው። የሸጠው ግን በ6000 ዋጋ ነው። ሲሸጡ ትልቁን ቁጥር፣ ሲመልሱ ትንሹን ቁጥር። እኔ የተቃወምኩት ይህንን ነው።

ባለ ሱቁ፦ በዚህስ አልፈርድብሽም። የተሸጠበት ፍጥነት ላይ መፈተን ነበረበት። አንተ ልጅ ግን ምክሬን ስማ። የተበላሸውን በአምሳያው አትቀይር። ሰውየው ከፈቀደልህ ሁለቱንም ካርቶን መልስና ባለ 32ቱን ጥንድ ውሰድ፣ ልዩነት ካለ ጨምረህ። ከመግዛትህ በፊት የማዘርቦርድህ አምራች የፈተናቸውን ራሞች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ እይ።

ጥቁር ስክሪን፦ ሁለቱንም ከተቀበለኝ እሱን አደርጋለሁ። ካልተቀበለኝ እንደገና እዚህ ነኝ።

ሌሊት ፈረቃ፦ ራሙን ስትቀይር ዊንዶውሱንም እንደገና ጫን። ኤክስፖ በርቶ ሳለ የጫንከው፣ ያደስከውና የገለበጥከው ሁሉ የታመመ ራም ውስጥ አልፏል። የፈታሃቸውን ዚፖች ደግመህ ፍታ። ዋናዎቹን እንዳታጠፋቸው አደራ።

ጥቁር ስክሪን፦ ዊንዶውሱን የጫንኩት ኤክስፖ በርቶ ነው እኮ! ሁለት ካርቶን ተሸክሜ ስሄድ ማሽኑንም ልጨምርበት? ሻጩ ይጫንልኛ።