የአና ማኛኒ ምሽቶች፦ ለኮሙኔው (ለከተማው አስተዳደር) የምናስገባው ማመልከቻ

ጸሐፊ፦ የማኅበራችን ማመልከቻ ዓርብ ይገባል። ረቂቁ ይኸው፦ «አና ማኛኒ እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1908 ሮም ተወለደች። በ1956 ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጣሊያናዊት ተዋናይ ናት።» ሦስት ምሽት፣ ሦስት ፊልም፦ ሮም ክፍት ከተማ፣ ቤሊሲማ፣ ማማ ሮማ። የምትሉት ካለ ዛሬውኑ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ እስክንድርያ ነው የተወለደችው። አፍሪካ! ኮሙኔው «እናንተን ሐበሾችን ከእሷ ጋር ምን አገናኛችሁ?» ቢለን ሌላ ምን መልስ አለን?

ገንዘብ ያዥ፦ ለአዳራሹ 300 ዩሮ ቀብድ ከፍለናል፣ አይመለስም። አሁን የትውልድ ቦታ ነው የሚያከራክረን?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ የፊልም ዳይሬክተሩ ዜፊሬሊም እስክንድርያ ብሎ ጽፏል።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ራሷ ክዳዋለች። እናቷ ግብፅ የወረደችው እሷን ከወለደች በኋላ ነው፤ ሮም ያሳደገቻት አያቷ ናት። በ1973 ስትሞት ሕዝቡ ጎርፎ ወጥቶ ነው የሸኛት። ለሮም ሰው «የእናንተ አይደለችም» ብለን ገንዘብ እንጠይቅ?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ይህን ማኅበር ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ውሸታም ልባል?

ወጣቶች ክፍል፦ ማን አለዎት ጋሼ? ሮም ክፍት ከተማ ላይ እጮኛዋን ጭኖ የሚሄደውን ካሚዮን እየጮኸች ስትከተል ተኩሰው አስፋልቱ ላይ የሚጥሏትን ያየ ሰው የት ተወለደች አይልም።

ገንዘብ ያዥ፦ የአማርኛውን ጽሑፍ ከፊልሙ ሥር አስገባለሁ ያለው ልጅስ? ስልክ አያነሳም።

የሴቶች ክፍል፦ እኔ ያልተኛሁት በሌላ ነው። የማኛኒ እናት ልጇን ለአያት ትታ ባሕር ተሻገረች አላችሁ። እኛስ? ባዳንቴ (የአዛውንት ተንከባካቢ) ሆነን የሰው እናት ስናጥብ የኛ ልጆች አገር ቤት አያት ጋ አይደሉም? ቤሊሲማ ላይ ማኛኒ ቤት ለቤት መርፌ እየወጋች ያጠራቀመችውን አፍስሳ ልጇን ቺኔቺታ፣ የሮም ፊልም ስቱዲዮ፣ ለተዋናይነት ታስፈትናለች። ፊልም ሠሪዎቹ በልጅቷ ሲስቁ ተደብቃ የምታይበትን ፊቷን እዩት። እሱን ብቻ እናሳይና እናቶች ይናገሩ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ደግ ሐሳብ ነው፣ እህቴ። ግን እስክንድርያ ትግባ፤ እናቷ የሄደችበት ተብሎም ቢሆን።

ጸሐፊ፦ በእናቷ በኩል ትገባለች። እንግዲህ አንድ ምሽት፣ ቤሊሲማ፣ ከዚያ የእናቶች ውይይት።

ወጣቶች ክፍል፦ ማማ ሮማ ቀረ ማለት ነው? እሱን ብለን አልነበር የተነሳነው? እንዲህ ከሆነ ፕሮጀክተሩን ሌላ ሰው ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀብዱ የሦስት ምሽት ነው። የሁለቱን ምሽት ማን ይተካል? ፕሮጀክተሩንስ? እስከ ሐሙስ ማታ ስም አስገቡ።