ከፔሩ የኬችዋ ገበሬዎች ቡና በቀጥታ መግዛት፦ ምን ልጠይቅ?

ብሩክ_ቆሊው፦
ሰላም ወገኖች። ሲያትል ውስጥ ትንሽ ቡና መቁያ አለችኝ። እስካሁን የምቆላው የሲዳማና የጉጂ ብቻ ነበር። ሰሞኑን አንድ አስመጪ ከፔሩ ናሙና አመጣልኝ፤ ኩስኮ ክልል፣ ላ ኮንቬንሲዮን ከሚባል አውራጃ፣ የኬችዋ (የአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝብ) ገበሬዎች ቡና። ቀመስኩት፣ በጣም ደስ ይላል። ከረጢቱ ላይ «ቀጥታ ንግድ» ይላል፣ ያለ ደላላ ከገበሬው የተገዛ ለማለት ነው። ገበሬው እጅ ስንት ገባ ብዬ ስጠይቀው ግን የወደብ ዋጋውን ነግሮኝ ዝም። ለደንበኞቼ «ገበሬውን እየደገፋችሁ ነው» ከማለቴ በፊት እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ልጠይቀው? ወይስ ራሴ ከአንድ ገበሬ ብገዛ ይሻላል?

ማርታ_ለንደን፦
የወደብ ዋጋ አይበቃህም። ቡናው መርከብ ላይ እስኪጫን ትራንስፖርቱም፣ መፈልፈያውም፣ ኮሚሽኑም ከዚያው ላይ ነው የሚነሳው። «ቀጥታ ንግድ» የሚለውን ደግሞ ማንም ሊለጥፈው ይችላል፣ የሚቆጣጠረው አካል የለም። ፌርትሬድ የሚባለው የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ ቢያንስ የዋጋ ወለል አለው፦ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1.80 ዶላር፣ በዚያ ላይ ለገበሬዎቹ ማኅበር 20 ሳንቲም። አንተ የምትጠይቀው ገበሬው ደጃፉ ላይ ስንት ሶል (የፔሩ ገንዘብ) እንደተቀበለና መቼ እንደተከፈለው ነው። ደረሰኝ ያሳይህ። ደግሞ እዚያ ኩንታል ሲሉህ 100 ኪሎ እንዳይመስልህ፤ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ጥሬ ቡና ከሆነ 46 ኪሎ፣ ከነገለፈቱ ከሆነ 55 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ካልለየህ ሒሳቡ ሁሉ ይዛባብሃል።

የጅማው፦
ወንድሜ፣ ከአንድ ገበሬ ልግዛ የሚለውን ተወው። አብዛኛው ያለው ሁለት ሦስት ሄክታር ነው። አንድ ኮንቴይነር 19 ቶን ገደማ ይይዛል፣ ከየት አምጥቶ ይሞላልሃል? ቅምሻውን፣ መጋዘኑን፣ የኤክስፖርት ወረቀቱን የሚይዘው ማኅበሩ ነው። የላ ኮንቬንሲዮን ሰው ደግሞ መደራጀትን በመከራ ነው ያገኘው። መሬቱ የባለርስቶች ነበር፤ ጭሰኛው በባለርስቱ እርሻ ላይ በነፃ እየሠራ ነበር የሚኖረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በማኅበር ተደራጅተው፣ አድማ መትተው መሬቱን አስለቀቁ። ኮክላ የተባለው የማኅበራት ዩኒየን 1967 (እ.ኤ.አ.) ላይ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ማኅበሩን ዘለህ ጎበዙን ገበሬ ብቻ ብትመርጥ የቀሩትን ነው የምታዳክመው።

ሰላማዊት፦
የጅማው ልክ ነው። እኔ ደግሞ የገንዘቡን ነገር ልጨምር። እኛ አገር ብዙው ገበሬ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ሸጦ ይገላገላል። እዚያ ግን ቤተሰቡ ራሱ በእጅ በሚዞር ማሽን ይፈለፍላል፣ ያብላላል፣ ያጥባል፣ ያደርቃል። የምታጣጥመው ጣዕም የእነሱ የእጅ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ይህን መቁጠር አለበት። ለቀማው ሚያዝያ አካባቢ ሲጀምር ለለቃሚ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ በዚህ ጊዜ ደላላው ብሩን ይዞ ደጅ ድረስ ይመጣል። ማኅበሩ እጁ ላይ ገንዘብ ከሌለው፣ አንተ የፈለግከውን ዋጋ ቃል ብትገባ፣ ገበሬው ለደላላው ይሸጣል። ምን ያድርግ? ስለዚህ አስመጪውን «ከለቀማ በፊት ቅድሚያ ትከፍላላችሁ ወይ? ለስንት ዓመትስ ተዋውላችኋል?» በለው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የቅጠል ዝገት በሽታ ማሳቸውን ሲያወድመው አዲስ ችግኝ እስኪያፈራ ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው። በአንድ ዓመት ግዢ ብቻ ማንንም አትደግፍም።

ብሩክ_ቆሊው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ። ግን እኔ የምገዛው አሥር ከረጢት ቢሆን ነው። ቅድሚያ ክፍያ ለእንደኔ ዓይነቱ ይሆናል?

ሰላማዊት፦
ይሆናል። እዚያው ሲያትል ያሉ ሌሎች ቆይዎችን አሰባስብና በአስመጪው በኩል አንድ ላይ ተዋዋሉ። ውሉ ላይ ግን የማኅበሩ ስምና ገበሬው የሚቀበለው ዋጋ በግልጽ ይጻፍ።